ጎመን በመስከረም፣ ባሚያ በግንቦት፦ ለጅቡቲ ከተማ ጓሮና ማጀት

ጅቡቲ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ሰኔ እንደባተ ጎመን ዘራሁ። አገር ቤት ሰኔ ሲመጣ እጅ ወደ ዘር ይሄዳል፤ የእኔም እጅ የለመደውን አደረገ። ቡቃያው በአራተኛው ቀን ብቅ አለ። በሳምንቱ ግን እዚህ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አደረ። ጠዋት ጣሪያ ላይ ስወጣ ቅጠሎቹ ጣት ሲነካቸው እንደ አሮጌ ወረቀት ይፈረፈሩ ነበር። ዘሩ ጤነኛ ነበር፤ ውሃም አላጓደልኩበትም። የተሳሳትኩት ወሩን ነው።

ስለዚህ ምክሬን የምጀምረው ከወር ነው። በጅቡቲ ከተማ ጣሪያ፣ በረንዳ ወይም የግቢ ጥግ ካለዎት፣ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን የእርሻ ወቅት ይገልብጡት። እዚያ ሐምሌና ነሐሴ ምድር ውሃ ጠግባ ሰው ጋቢ የሚደርብበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ነው። ጥቅምት ሲጋመስ አየሩ ይለዝባል። ከታህሳስ እስከ የካቲት ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ ይውላል፣ ሌሊቱም ወደ 22 ይወርዳል። የጎመን፣ የቆስጣ፣ የሰላጣና የቲማቲም ወራት እነዚህ ናቸው። ዝናብ አይጠብቁ፤ በዓመት የሚጥለው 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ታዲያ ይህ የተገለበጠ ወቅት ከጾማችን ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ ይበሉ። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል፣ በገና ይፈታል። ዐቢይ ጾም ቀኑ በየዓመቱ ቢዘዋወርም 55 ቀኖቹ የሚውሉት በየካቲትና በመጋቢት ዙሪያ ነው። ከሥጋና ከቅቤ በምንርቅባቸው በእነዚህ ሁለት ጾሞች ጣሪያችን አረንጓዴ ነው። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ የምዘራበትን ቀን የምወስነው ጾሙ ከሚገባበት ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ጎመን ከተዘራ በ50 ቀን ገደማ ለድስት ይደርሳል። ከህዳር 15 ወደ ኋላ 50 ቀን ቢቆጥሩ መስከረም 25 ላይ ያርፋሉ። ያን ቀን ይዝሩ። ለዐቢይ ጾም የሚሆነውን ሁለተኛ ዘር ታህሳስ ሲጋመስ ይድገሙት። ለፍልሰታ የሚሆነው ሌላ ተክል፣ ሌላ አያያዝ ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

ውሃው፣ አፈሩ፣ ዕቃው

ከሁሉ በፊት የቧንቧ ውሃዎን ይቅመሱ። በምላስ ብቻ። የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ከጥንት ጨዋማ ነው። በ2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተስቦ የመጣው የመጠጥ ውሃ መስመር ሥራ ጀመረ፤ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውሃን ጨው የሚያጣራ ጣቢያ ተመረቀ። ነገሩ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም የሚመጣልዎት ውሃ ጣዕም ከሰፈር ሰፈር፣ ከሳምንት ሳምንት ሊለያይ ስለሚችል ቀምሶ ማወቅ ይበጃል። ምላስዎ ላይ ጨው ከተሰማዎት ፎሶሊያ፣ ካሮትና ሽንኩርት ለመዝራት አይድከሙ፤ ጨው አይችሉም። ቀይ ሥርና ቆስጣ ግን ይታገሡታል።

ጨው ዕቃ ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ፣ የቅጠሉም ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ፣ ምክንያቱ እሱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ውሃው ከታች በብዛት እስኪፈስ ድረስ እያንዳንዱን ዕቃ ያጠጡት፤ ጨዉን ይዞ ይወጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ውሃ የቆጠቡ ያስመስላል እንጂ ጨዉን እላይ ላይ ነው የሚያስቀረው።

ለዕቃ የ50 ኪሎ የሩዝ ጆንያ ከሁሉም ይሻላል። አፉን አጥፈው ቁመቱን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ያድርሱት፣ ታችኛውን ክፍል በአሥር ያህል ቦታ ይብሱት። ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ተቀድዶ ሲጋደም ለሰላጣና ለፌጦ ጥሩ መደብ ይሆናል። ቀዳዳውን አይናቁት፤ በኖቬምበር 2019 በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓመት ሙሉ ዝናብና ከዚያም በላይ ወርዶ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር፣ ያን ሰሞን ሥሩ ሳይበሰብስ የተረፈ ተክል መውጫ ያለው ዕቃ ውስጥ የነበረው ብቻ ነው። ከክብደቱም ይጠንቀቁ፦ 40 ሊትር እርጥብ አፈር ከአንድ ሰው ክብደት ብዙም አያንስም። ጆንያዎቹን በጣሪያው መሐል ሳይሆን ከሥር ግድግዳ ባለበት ጠርዝ ጠርዙን ይደርድሯቸው።

አፈር ከየት? የሰፈራችን መሬት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የባሕር ዛጎል ነው። ደለል ያለው በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። የአምቡሊ ጉድጓዶች ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስትቆረቆር ለነዋሪውም ለሲራራ ነጋዴውም ውሃ የሰጡ ናቸው፤ ዛሬ ዙሪያቸውን ቤት ቢከባቸውም ተምርና አትክልት በቅሎባቸው የኖሩት ቦታዎች አፈር ከሌላው ይለያል። ሁለት እጅ ደለል ከአንድ እጅ የፍየል ፍግ ጋር ይቀላቅሉ። ፍየል በየመንገዱ ስላለ ፍግ አይጠፋም፣ ነገር ግን ትኩሱን አይጠቀሙ። ውሃ አርከፍክፈው ከድነው ሁለት ወር ያስቀምጡት። መስከረም 25 ለመዝራት ፍጉን ሐምሌ መጨረሻ ላይ መሸፈን አለብዎት ማለት ነው። የቡና አተላም ደርቆ ይጨመርበት። ቀን ቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት በሁለት ወር ውስጥ የሚጠራቀመው ቀላል አይደለም።

ሁለት ጠላቶች አሉ። አንዱ ፍየል ነው፣ መድኃኒቱ ጣሪያ ነው። ሌላው ቁራ ነው። የዚህ ከተማ ቁራ ከሕንድ በመርከብ እንደመጣ የሚነገርለት፣ አንገቱ አመድማ የሆነ፣ ሰው የማይፈራ ነው፤ ቡቃያ እየነቀለ ይጥላል። ቡቃያው አራት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ዘርዘር ያለ መረብ ወይም አሮጌ ነጠላ በእንጨት ወጥረው ያልብሱት። ይኸው ልብስ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ በኩል የሚመጣውን ፀሐይ ይከላከልልዎታል።

የሚዘራው

ፌጦ ለጀማሪ ልብ ይሰጣል። እርጥብ አፈር ላይ በትነው በጣትዎ ጫን ያድርጉት፤ በሁለት ቀን ይበቅላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በመቀስ ቆርጠው በቲማቲም ፍትፍት ላይ ይበትኑታል። ልጆች ካሉዎት ይህን እነሱ ይዝሩት።

ሰላጣ አስቸጋሪ ነው፤ አፈሩ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ዘሩ ይተኛል፣ የሞተ ይመስላል። መላው እንዲህ ነው፦ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያቆዩት፣ ከዚያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይዝሩት። ሳይነቃ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ቲማቲምን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዘግይቶ በመዝራት ነው። ተክሉ በሙቀት ያድጋል፣ ያብባል፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ግን አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ለእኛ የሚቋጥርበት ጊዜ ከታህሳስ እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ ዘሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ባለ ትንሽ ዕቃ ተዘርቶ፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወደ ጆንያ መዛወር አለበት። መጋቢት ላይ የሚያብብ ቲማቲም ካለዎት ብዙ አይጠብቁበት።

ቆስጣና ቀይ ሥር ብዙ አያስለፉም። ድንብላል ይዝሩ፣ ብዙ ይዝሩ፤ ቅጠሉንም ዘሩንም ይፈልጉታል። በሶብላ በሁሉም ጊዜ ይበቅላል፣ ሙቀትም አይፈራም። ናና በጥላ ውስጥ ለብቻው ዕቃ ይሰጠው፣ ካልሆነ ጎረቤቱን ይውጣል። ጤና አዳም ብዙ ሰው ናፍቆ ይተክለዋል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይኖራል፤ የሙቀቱን ወራት ለማሳለፍ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ሊያስቀምጡት ይገባል፣ እንደዚያም ሆኖ ዋስትና የለውም።

ጎመኑ፣ ከጆንያ እስከ ገበታ

ጎመን የሚቆረጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትነካው ነው። ቅጠሉ ሌሊቱን የጠጣው ውሃ ገና በውስጡ ስላለ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ያው ቅጠል እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ከሥር ከሥሩ ያሉትን ሰፋፊ ቅጠሎች በጣትዎ ወደ ታች ገፋ አድርገው ይገንጥሉ፤ ከመሐል አራትና አምስቱን ይተዉለት። በሳምንቱ መልሶ ይሰጥዎታል። አሥር እግር ጎመን ለአራት ሰው አንድ ድስት ይሞላል።

ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። ከሥሩ ግራጫ ትናንሽ ነፍሳት ተደርድረው ካዩ ክሽክሽ ነው። አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙተው ምሽት ላይ ተክሉን ይርጩት፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። የተቆረጠውን ደግሞ ጨው በነካው ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ነክረው ያለቅልቁት። የመጨረሻውን ንጹሕ እጥበት ውሃ አይድፉት፤ ለጆንያው ይመለስ።

አገር ቤት ጎመን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ቀጥሎ እናቁላላ ነበር። የሸመገለ ጎመን ይህን ይፈልጋል። የራስዎ ለጋ ጎመን ግን አይፈልግም፤ ቢጨምቁት ጣዕሙን ከውሃው ጋር ነው የሚያፈሱት። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት ውሃውን እስኪጨርስ ያማስሉት። ከዚያ ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተከትክተው ይግቡ። ሽታው ሲነሳ የጎመኑን አገዳ በቀጭኑ ቆርጠው መጀመሪያ እሱን ይጨምሩ፤ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ቅጠሉ ይከተል። እጥበቱ ላይ የቀረው ውሃ ይበቃዋል፣ ሌላ አይጨምሩ። ክዳኑን ገጥመው አሥር ደቂቃ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሰው፤ ውሃው ከያዘው ጨው ጋር ሲደመር ብዙ ጊዜ ከለመዱት እጅ ግማሹ ይበቃል። ሁለት ቃሪያ ለሁለት ሰንጥቀው ላዩ ላይ ያጋድሙ፣ እሳቱን አጥፍተው ክዳኑን መልሰው አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ሲያወርዱት አንድ ማንኪያ ሎሚ ያንጠባጥቡበት። ቀለሙ አረንጓዴ እንደሆነ መቅረት አለበት። ወደ ቡናማ ከዞረ ብዙ ቆይቷል።

ከቀይ ሥሩ ቅጠሉንም ይብሉት፤ ከቆስጣ ጋር ተቀላቅሎ በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ በአምስት ደቂቃ ይበስላል።

የዳቦው ሌሊት

ሙቀት ሊጥ ያስቸኩላል። እዚህ ከተማ ሊጥ የሚበላሸው ሳይቦካ ቀርቶ አይደለም፣ ከልክ በላይ ቦክቶ ነው። የጤፍ ሊጥም ቢሆን አገር ቤት ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ በጥር ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፣ በሐምሌ ደግሞ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ እርሾውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ላዩ ላይ የሚያቀርረውን ውሃ ሳይሰንፉ ቀልብሰው ያፍስሱ፣ አብሲቱን በጊዜ ይጣሉ።

ድፎ ዳቦ ግን የሚጋገረው ሌሊት ነው። ቤቱም አይነድም፣ ሊጡም አይጣደፍም። ማታ አራት ሰዓት ላይ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ሰፊ ሳህን ውስጥ ይንፉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይጨምሩ። ከጣሪያዎ የለቀሙት የድንብላል ዘር ካለ ሁለት የሻይ ማንኪያ በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርገው ያግቡት። መድቀቅ የለበትም፤ ጥርስ ሲያገኘው የሚፈነዳ ሽታ ይፈለጋል። ውሃ 620 ሚሊ ሊትር፣ የቀዘቀዘ። በሙቀቱ ወራት ከሆነ በረዶ የገባበት፣ እርሾውም ወደ ሩብ ማንኪያ ይውረድ።

አሥር ደቂቃ ያሹት። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ዱቄት ለመጨመር ይፈተናሉ፤ አይጨምሩ። በሰባተኛው ደቂቃ ገደማ ሊጡ ከሳህኑ ራሱ ይላቀቃል፣ በመዳፍ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ሦስት ማንኪያ ዘይት በመጨረሻ አሽተው ያስገቡ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ይተኙ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ሲነሱ እጥፍ ሆኖ፣ ላዩ ተወጥሮ ያገኙታል። የሸፈኑበት ጨርቅ ሲነሳ የሚወጣው ሽታ የቦካ ጠላ የሚያስታውስ ከሆነ ልክ ነው፤ አፍንጫን የሚወጋ ኮምጣጣ ከሆነ ሰዓቱ አልፏል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እርሾውን ይቀንሱ። ቤቱ በጣም ሞቃት ከሆነ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ከመጋገሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ይውጣ።

የኮባ ቅጠል እዚህ አያገኙም። የሙዝ ቅጠል ካገኙ በእሳት ላይ ወዲያ ወዲህ አድርገው ሲለሰልስ ያንጥፉት። ካላገኙ የሸመገለውን፣ ለወጥ የማይሆነውን የጎመን ቅጠል ይጠቀሙ። አገዳውን በቢላ አስተካክለው፣ ቅጠሎቹን እንደ ቅርፊት እያደራረቡ ምጣዱን ሙሉ በሙሉ ያልብሱት። ሊጡን ያፍስሱበት፣ እጅዎን ውሃ ነክረው ያስተካክሉት፣ ሌላ የቅጠል ድርብ ከላይ ያልብሱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ክዳኑን ገጥመው በመካከለኛ ሙቀት 25 ደቂቃ፣ ከዚያ በትልቅ ትሪ ገልብጠው ሌላ 20 ደቂቃ። ኦቨን ካለዎት 180 ዲግሪ ላይ 50 ደቂቃ። ቅጠሉ ይጨልማል፣ ይደርቃል፣ ዳቦው ላይ ሥሩን እንደ ማኅተም ትቶ ይላጣል። ጀርባውን በጣት ሲያንኳኩት ከበሮ ከመሰለ በስሏል። ወዲያው አይቁረጡት፤ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት፣ ቅርፊቱ ይለሰልሳል።

ከዚህ ዳቦ አንድ ሩብ ሁልጊዜ ለጎረቤቴ ይሄዳል። ሶማሊኛ ተናጋሪ የጅቡቲ ሴት ናቸው፣ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ፣ እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኤዶ» (አክስት) ነው የምላቸው። እሳቸው በበኩላቸው ጠዋት ጠዋት ለሆህ ይጋግራሉ። ለሆህ የእንጀራችን ታናሽ ወንድም ነው፦ ቀጭን ሊጥ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚበስል፣ ዓይን ያለው፣ ግን አነስ ያለና ጣፈጥ ያለ፣ ከሻይና ከማር ጋር የሚበላ። ሊጡን ምጣዱ መሐል ጨልፈው በጭልፋው ጀርባ ወደ ውጭ ያዞሩታል፤ እኛ ከዳር ወደ መሐል ነው የምናፈሰው። ጎመናችንን ከሩዝ ጋር መብላት የተማርኩት ከእሳቸው ነው፣ እሳቸውም በሶብላ ሻይ ውስጥ መጨመር የጀመሩት ከእኛ ጣሪያ ወስደው ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ ከዐቢይ ጾም ጋር የሚገጥምባቸው ዓመታት አሉ። በእነዚያ ዓመታት ፀሐይ ስትጠልቅ ከጣሪያ የወረደ ናናና ቲማቲም በሁለቱም ቤት ገበታ ላይ ይቀርባል።

የእሳቱ ወራት

ከግንቦት እስከ መስከረም ብዙ ሰው ጆንያዎቹን ባዶ ይተዋል። አይተዉ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ያን ጊዜ የሚቀርብ አረንጓዴ ነገር ሊኖርዎት ይችላል፤ ሙቀትን የሚወዱ ተክሎች አሉ።

ባሚያ ቀዳሚው ነው። ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረው ግንቦት ሲጋመስ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ይዝሩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ያብባል። ፍሬው ጣት ሲያህል፣ በየሁለት ቀኑ ይለቀም። አንድ ቀን ካሳለፉት እንጨት ይሆናል፣ ተክሉም ሌላ መስጠቱን ያቆማል። መዝለግለጉን የማይወዱ ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ታጥቦ በጨርቅ ሙልጭ ተደርጎ ይድረቅ፣ ሙሉውን በጋለ ዘይት ጠርዙ እስኪጠቁር ይጠበስ፣ ለብቻው ይቀመጥ። ቀይ ወጡ ሲደርስ ከነሙሉው ይግባና ሎሚ ይጨመርበት። ለጾም ወጥ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም።

ቀጥሎ ሽፈራው። ደቡብ ኢትዮጵያ ሀለኮ የሚሉት፣ በኮንሶ የሰው ቤት ያለሱ የማይታሰብ ዛፍ ነው። ለዚህ ከተማ የተፈጠረ ይመስላል፤ ድርቅ ይችላል፣ ሲቆርጡት ይባስ ያቆጠቁጣል። ቢያንስ 60 ሊትር በሚይዝ በርሜል ተክለው ቁመቱ ከደረትዎ ሲያልፍ ጫፉን ይቁረጡት፣ ጎን ለጎን ይሰፋል። ቅጠሉን ከአገዳው በጣት ወደ ኋላ እየሸመጠጡ ያራግፉት። ኮንሶዎች ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ቀቅለው ኩርኩፋ የሚሉትን ይሠሩበታል። ማሽላ እዚህ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ ውሃ ፈልቶ ቅጠሉ ሲገባበት ድብልብሎቹ አብረው ይግቡ፣ ጨውና ዘይት፣ ሃያ ደቂቃ። እኔ ከሽሮም ጋር እጨምረዋለሁ፦ ሽሮው ሊወርድ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ እፍኝ ለጋ ቅጠል።

የስኳር ድንች ሐረግም ይትከሉ። ሥሩን በዕቃ ውስጥ ብዙ አይጠብቁ፣ ለጋ ቅጠሉ ግን እንደ ቆስጣ ይበላል።

በእነዚህ ወራት ማጠጣት በቀን ሁለቴ ነው፤ ንጋት ላይና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ። በጥር ሁለት ሊትር የሚበቃው ጆንያ አሁን አራት ይጠይቃል። አፈሩ ላይ የደረቀ ሣር ወይም የአሮጌ ሰሌን ቁራጭ ያልብሱበት።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙዎች የማያስቡት። ጥር ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም እርጥብ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያሰጡት በርበሬ ይሻግታል። ኸምሲን ሲነፍስ ግን እርጥበቱ ይወድቃል። ሰኔና ሐምሌ የማድረቂያ ወራት ናቸው። ያ ቡቃያዬን የፈጀ ነፋስ አሁን ቀጥሬ የማሠራው ሠራተኛዬ ነው። በሶብላን አበባው ሲፈነዳ ከነአገዳው ቆርጠው በትንሽ እቅፍ አስረው በጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ኮሪደር ቁልቁል ይስቀሉት። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ሽታውም ቀለሙም ይሄዳል። በሦስት ቀን ውስጥ በእጅ ሲያሹት ይደቅቃል። ባሚያን ደግሞ በቀጭኑ ቀለበት ቀለበት ቆርጠው በክር ሰክተው ይስቀሉት፤ ሲደርቅ ተወቅጦ በጠርሙስ ይቀመጣል። ሱዳኖች ዌካ ይሉታል፣ አንድ ማንኪያው ቀጭን ወጥ ያወፍራል። ደረቁን ሁሉ በጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይክተቱ፤ ጥቅምት ላይ እርጥበቱ ይመለሳል።

የመጨረሻው ለቀማ

መጋቢት ሲያልቅ ጎመኑ ቅጠል መስጠቱን ትቶ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ቢጫ አበባ ያወጣል። ድንብላሉም እንዲሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይነቅላል። ከየዓይነቱ ደህና ደህናውን ሦስት ሦስት እግር ይተዉት፣ ውሃውን ቀንሰው ይጠብቁት። ሲደርስ የጎመኑ ቆባ ገለባ መስሎ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ጠዋት፣ ጤዛ ሳይለቀው ቆርጠው የትራስ ጨርቅ ውስጥ ይክተቱት፤ ቀትር ላይ ከሆነ እጅዎ ላይ ፈንድቶ ይበተናል። በጨርቁ ውስጥ እንዳለ በመዳፍ አሽተው በሰፌድ ያንፍሱት።

የሚገኘው ዘር ከሁለት የቡና ስኒ አይበልጥም። አንዱን ስኒ በወረቀት ጠቅልለው፣ ወሩን ጽፈውበት ለመስከረም 25 ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት። ሌላውን በሙቀጫ ያድቅቁት። ከዚያ እንጀራ አልለቅ ያለውን ምጣድ ያግሉት፣ የደቀቀውን ጎመን ዘር ቆንጠር አድርገው ይበትኑበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ማሰሻ ክብ ክብ እያዞሩ ያሹት። ዘሩ ዘይቱን ይለቃል፣ ይጨሳል፣ የምጣዱ ፊት ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ይሆናል። አቧራውን ጠርገው ሊጡን ያዙሩበት፤ ዳሩ በራሱ ይነሳል።